ወደ ዮርዳኖስ የሚያወርደው መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ የማኅበራችን ልሳን ስለ ቅዱሳት መካናት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጎልጎታ፣ ስለ ቤተ ልሔም፣ ስለ ዮርዳኖስ ያልተባለ የቀረ አይመስልም። ወደ መካናቱ ስለሚያደርሰው መንገድ፣ ይልቁንም ሰው የጫነ መኪና በዚያ መንገድ እንዴት መውረድ እንደሚገባው ግን አልተጻፈም። «ይህ የሹፌር ነገር እንጂ የመነኩሴ ነገር አይደለም» የሚል ወንድም ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ስናስብ ኖረናል። ነገር ግን ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ ከሚወርዱት ተሳላሚዎች ብዙዎቹ አረጋውያን እናቶችና አባቶች ናቸው። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ከፍለው፣ ልጆቻቸውን ተሰናብተው የመጡ ናቸው። ነፍሳቸውን ለእግዚአብሔር፣ ሥጋቸውን ለሹፌሩ አደራ ሰጥተው ይሳፈራሉ። ስለዚህ አደራ የምናውቀውን ሳንናገር መቅረት በደል ሆኖ ስለ ታየን ይህን ጻፍን።

መንገዱ እንዲህ ነው። ኢየሩሳሌም በተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ እንደየሰፈሩ ቢለያይም ከባሕር ወለል በላይ ከ750 እስከ 800 ሜትር ያህል ነው። ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ጌታችን የተጠመቀበት የዮርዳኖስ ዳርቻ ከእርስዋም ይወርዳል። ወንዙ የሚገባበት የጨው ባሕር ከሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር አልፎ፣ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል እየጎደለ ነው። እንግዲህ ከከተማው የተነሣ መኪና ወንዙ ዳር እስኪደርስ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚህ አብዛኛውን የሚወርደው ከደብረ ዘይት ጀርባ እስከ ሸለቆው ወለል ባለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

ከሀገር ቤት የመጣ ተሳላሚ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ የወረደበትን ቀን ቢያስብ ልኩን ይረዳዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የዓባይ ቁልቁለት ጠመዝማዛና ገደላማ ስለ ሆነ ያስፈራል፤ ሹፌሩም ስለሚፈራ ይጠነቀቃል። የኢያሪኮ መንገድ ግን ዛሬ ሰፊና የተስተካከለ አስፋልት ነው፤ ኩርባውም ለስላሳ ነው። ቁልቁለት መሆኑን ዓይን አይነግርም። የሚነግረው ጆሮ ነው፤ በየጥቂቱ ይደፈናልና።

የጥንት ሰዎች ቁልቁለቱን በእግራቸው ያውቁት ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ በ10ኛው ምዕራፍ ወንበዴዎች ያገኙትን ሰው ሲያነሣ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ መሄዱን በመውረድ ቃል ነው የተናገረው። የዮርዳኖስን ስም እንኳ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት «ያራድ» ከሚለው የዕብራይስጥ ግስ ያወጡታል፤ ይህም ከግእዙ «ወረደ» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። በመዝሙረ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ለሚወጣ ሰው ዐሥራ አምስት የመዓርግ መዝሙራት አሉት። ለሚወርደው ግን በስሙ የተለየ መዝሙር የለውም። መውጣት ድካሙ ስለሚታወቅ ሰው ይዘጋጅለታል፤ መውረድ ግን አያደክምምና ይዘነጋል። በመኪናም ያየነው እንዲሁ ነው። ሹፌር ለዐቀበት ማርሽ ይቀንሳል፤ ለቁልቁለት መቀነስ እንዳለበት የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የጥምቀት ሰሞን ዐሥራ ሦስት ተሳላሚዎችን ይዘን በተከራየነው ሚኒባስ ወረድን። ሹፌሩ ትሑት ወጣት ነበር፤ በከተማ ውስጥ ሲነዳ ማንም አይነቅፈውም። እኛ ከጎኑ ተቀምጠን እንደ ልማዳችን መካናቱን እያሳየን እናስረዳ ነበር። ከተራራው ሥር በሚያልፈው ዋሻ ወጥተን ቁልቁል ስንል፣ ጌታ አልዓዛርን ያስነሣባትን ቢታንያን በስተቀኝ አሳየን። ዐረቦች እስከ ዛሬ በአልዓዛር ስም አል ዓዛሪያ ይሏታል። ከዚያ በኋላ ምድረ በዳው ጀመረ። ጥር ነበርና ዝናብ ያገኘው ኮረብታ ስስ ሣር ለብሷል፤ የዘላኖቹም ፍየሎች በሩቅ ይታያሉ። ተሳላሚዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር። ሹፌሩ በአምስተኛ ማርሽ ይወርዳል። መኪናው ሲፈጥንበት ፍሬኑን ይረግጣል፤ ጥቂት ይለቃል፤ ደግሞ ይረግጣል። ኋላ ግን እግሩን ከፍሬኑ ላይ ጨርሶ ማንሣት ተወ።

አዱሚም ደረስን። መጽሐፈ ኢያሱ ስፍራውን ዐቀበት ይለዋል፤ ከታች ለሚመጣው ዐቀበት ነውና፤ ለእኛ ግን ቁልቁለት ነበር። ምድሩና ዐለቱ ወደ ቀይነት ያደላል፤ ስሙም ከዚሁ ቅላት ጋር ይያያዛል። በመንገዱ ዳር የደጉ ሳምራዊ ማደሪያ ተብሎ የሚታወቀው ስፍራ አለ፤ ዛሬ የጥንት የሞዛይክ ንጣፎች የሚታዩበት ቤተ መዘክር ሆኗል። እዚያ ስንደርስ ትርጓሜውን ጀመርን። የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው፤ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶቹ ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ናት። አንድም ብለን ወደ ካህኑና ወደ ሌዋዊው ተሻገርን። የወደቀውን አይተው እንዳላዩ ገለል ብለው ስለ ማለፋቸው መናገር ስንጀምር አንድ ሽታ መጣ።

የተቃጠለ ጨርቅና የጋለ ብረት የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ ነበር። ወደ ሹፌሩ ዘወር አልን፤ እርሱ ግን መንገዱን ብቻ ያያል። ምናልባት ከሌላ መኪና የመጣ ይሆናል አልን በልባችን። ደግሞስ መሪ ይዞ የማያውቅ መነኩሴ ሹፌርን በሰው ፊት ምን ብሎ ያርመዋል? ይሉኝታ ያዘን። ትርጓሜውን ቀጠልን።

መንገዱ ከባሕር ወለል ጋር እኩል የሚሆንበትን ስፍራ የሚያመለክተው ጽሑፍ ዘንድ ስንቃረብ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ በማርሽ ያዘው! ፍሬኑ ነዷል!» አሉ።

ሹፌሩም፣ «አይዞዎት እማማ፣ ምንም የለም» አለና ፍሬኑን ረገጠ። መርገጫው እስከ ወለሉ ወረደ፤ መኪናው ግን አልያዘም። የወጣቱ ፊት ሲለወጥ አየን።

እናታችን አልደነገጡም። «አራተኛ አስገባ» አሉ። «አሁን ሦስተኛ። ሞተሩ ይጩህ፤ ተወው፣ ይጩህ።»

ሞተሩ አጓራ። መኪናው ከኋላው በገመድ እንደ ተሳበ ሁሉ ተገታ። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱ በረደ፤ ሹፌሩም የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየሳበ ከመንገዱ ዳር አቆመው። ስንወርድ ከጎማዎቹ መካከል ጭስ ይወጣ ነበር። ከተሳላሚዎቹ አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ። ወጣቱ ሹፌር እጁ እየተንቀጠቀጠ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እኒያ እናት የደጀን ሰው ናቸው። በረሃውን ለሚወጡና ለሚወርዱ የጭነት መኪና ሹፌሮች ለብዙ ዓመታት ምግብ ሲሸጡ ኖረዋል። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ነገር ግን የሹፌሮቹን ጨዋታ እየሰሙ፣ ወርዶ ያልተመለሰውንም እያለቀሱ ቁልቁለትን ተምረዋል። በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ጠጋ አልናቸው። ቀና ብለው፣ «አባቴ፣ እርስዎ አልሸተተዎትም ነበር?» አሉን። ሸትቶን እንደ ነበር ተናገርን። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አሉ። የምንመልሰው አጣን። እርሳቸውም አልደገሙትም፤ «ብቻ እግዜር አወጣን» ብለው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ያን ሰሞን መኪናውን የመረመረው ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ አንድ መካኒክ ነገሩን በአማርኛ ከሥሩ አስረዳን። እኛም በመምህር ፊት እንዳለ ተማሪ እየጠየቅን ሰማነው። ፍሬን ፍጥነትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። ተሳላሚ ጭኖ 3.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ኃይል ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረው ሹፌሩ እንዳዘዘው ይሄዳል፤ ወይ ወደ ፍሬኑ፣ ወይ ወደ ሞተሩ።

ፍሬን ጥቂት ኪሎ ብረትና ሸራ ነው። ሳያርፍ ከተረገጠ ይግላል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሙቀቱ ከዚያ አልፎ የፍሬን ዘይቱ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የመፍያው ልክ ከ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አያንስም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ መርገጫው እስከ ወለል ይወርዳል፤ የእግር ኃይል ግን ጎማው ዘንድ አይደርስም። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነበር።

ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ለቆ፣ ማርሹን ሳያወጣ ሲወርድ፣ ሞተሩ ጎማውን መንዳቱ ይቀርና ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ አየር የሚስብበት በር ስለሚጠብበት፣ አፉን ተይዞ እንደሚተነፍስ ሰው እየታገለ ይዞራል። ያ ትግል ነው መኪናውን የሚገታው። ማርሹ ባነሰ ቁጥር፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ የሚይዝበትም ኃይል ይበረታል። የሞተሩን ሙቀት የሚያበርድ ራዲያተር አለ፤ ፍሬን ግን ከነፋስ በቀር የሚያበርደው የለውም። የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያ የአየር በር ስለማይጠብበት መያዙ ከቤንዚኑ ያነሰ ነው፤ ለዚህ ነው በትላልቅ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ላይ ለቁልቁለት የተለየ መያዣ የሚጨመርላቸው።

አንዳንድ ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በቁልቁለት ማርሹን ዜሮ ያደርጉታል። ይህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። በዘመናዊ መኪና ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ለሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይቋረጣል፤ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ፣ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ብቻ ይወድቃል።

እንግዲህ ተሳላሚ ለሚያወርዱ ልጆቻችን የምናስተላልፈው ይህ ነው። ማርሽ የሚመረጠው ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ከተባባሰ በኋላ አይደለም። ያን ዳገት ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ያንኑ ቁልቁለት መውረድ የቆየ የሹፌሮች ልክ ነው። ማርሽ ሲቀነስ አስቀድሞ በፍሬን ፍጥነቱን አብርዶ፣ አንድ በአንድ ይቀነስ፤ ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ መዝለል ሞተሩን ይጎዳል፤ በረጠበ አስፋልት ላይም ጎማውን ያንሸራትታል። ፍሪሲዮኑም በዝግታ ይለቀቅ። አውቶማቲክ መኪና የያዘ ሰው መኪናው ሁሉን ያውቃል ብሎ አይተወው፤ ዘንጉን ከዲ ላይ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ የሚያወርድበት ስፍራ አለውና ይጠቀምበት።

ፍሬን አይረገጥ አላልንም፤ ለሚያስፈልግበት ጊዜ ይቀመጥ አልን እንጂ። ሲረገጥ ጠንከር ተደርጎ ለአጭር ጊዜ ይረገጥና ይለቀቅ፤ በመካከሉ ይበርዳል። እግርን ሳያነሡ በቀስታ ተጭኖ መውረድ ለተሳፋሪው ምቹ ይመስላል፤ የሚያነደው ግን እርሱ ነው። ደግሞ በማርሽ ብቻ ሲያበርዱ የኋላው የፍሬን መብራት እንደማይበራ ማስታወስ ይገባል፤ ከኋላ የሚመጣው እንዲያውቅ መርገጫውን ነካ ማድረግ መልካም ነው። የፍሬን ዘይቱም እንደ መኪናው ሠሪ ትእዛዝ በጊዜው ይለወጥ።

ሽታ ከመጣ ወይም መርገጫው ከላላ ደግሞ፣ ማርሹን በየተራ እየቀነሱ በመጀመሪያው አመቺ ስፍራ ይቁሙ። ሞተሩን እየሄዱ ማጥፋት አይገባም፤ መሪው ይከብዳልና። ከቆሙም በኋላ የጋለውን ብረት ውሃ አያፍስሱበት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ ጊዜ ይብረድ። የቆመ ሰዓት የጠፋ ሰዓት አይደለም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

ያን ቀን በሌላ መኪና ወርደን ዮርዳኖስ ዳር ደረስን። ስፍራው እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ በወታደር ተከልሎ፣ ዙሪያውም ፈንጂ ተቀብሮበት ለረጅም ዘመን ተዘግቶ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ለተሳላሚው ሕዝብ ዘወትር ተከፈተ። የደጀኗ እናት በሰው ተደግፈው ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ወደ ውሃው ወረዱ። እኛ ከዳር ቆመን አየናቸው። በመካከላችን የነበረውን ጥያቄ ያነሣ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየጉዞው አንድ ሥርዓት ጨምረናል። ከገዳሙ ደጅ የጉዞው ጸሎት ሲፈጸም፣ ሹፌሩ በተሳላሚው ሁሉ ፊት፣ «ሽታ የሸተተው ወይም ፍጥነት የበዛበት ሰው ይንገረኝ፤ አልቀየምም» ይላል። ከጎኑ የሚቀመጠውም ካህን ይሁን መነኩሴ መጀመሪያ እንዲናገር ይታዘዛል። አንዳንዶቹ ሹፌሮች በመጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር፤ አሁን ራሳቸው ያስታውሱናል። ተሳላሚዎች ሆይ፣ እናንተም ይህን ቃል ከሹፌራችሁ ባትሰሙ እንኳ እንደ ተባለላችሁ ቁጠሩት። የሚያውቅ ሰው ዝም ይላል ብላችሁ አታስቡ፤ የማያውቅ ሰው መናገር የለበትም ብላችሁም አታስቡ። አፍንጫ ያለው ሁሉ ይናገር።

አዱሚም ስንደርስ ዛሬም ትርጓሜውን እንናገራለን። ወደ ካህኑና ወደ ሌዋዊው ማለፍ ስንደርስ ግን ጥቂት ዝም እንልና፣ ሹፌሩ በስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ እንጠይቀዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።